ሳይጠየቅ የሄደው ድምፅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት ጋዜጠኞች አልፎ አልፎ ቤቴ ይመጣሉ። የወላይትኛ ዜና ዛሬ በየቤቱ ስለሚሰማ ድሮ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይፈልጋሉ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ በሥራ ዘመንዎ በጣም የፈሩት መቼ ነው ይሉኛል። ጎንደርም ጅጅጋም ተመድቤ ሠርቻለሁ፤ ተኩስ በሚሰማበት ቦታ ቆሜ ጽፌአለሁ። የምነግራቸው ግን ከዲምቱ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ አንድም ጠመንጃ ባልነበረበት መንደር ስላለፍናቸው ቀናት ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያ የሥራ ቦታዬ ራዲዮ ይባል እንጂ ማሰራጫ አልነበረውም። ሶዶ ገበያ ዳር በቆመ ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አራት ድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለው ነበር፤ ከግንዱ ሥር ቆርቆሮ የለበሰች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ጣቢያው ይኸው ነው። በአንደኛው ክፍል ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን የአማርኛ ዜና እያዳመጥን እንቀዳለን። በሌላኛው አንድ ጠረጴዛና አንድ ማይክሮፎን ነበሩ። የቀዳነው ዜና ወደ ወላይትኛ ተገልብጦ በገበያ ቀን ይነበባል። የመንግሥት ቅርንጫፍ ስለነበር በማኅተሙ ላይ ረጅም ስም ነበረው፤ ገበያተኛው ግን «ጡሩምባው» ይለው ነበር።

እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ወላይትኛን የተማርኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወትና ስጣላ ነው። ሁሉንም እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ይስቁብኛል። ስለዚህ ሥራዬ ዜና መልቀምና ማጣራት፣ በቴሌ ቤት ስልክ ወደ አዲስ አበባ ማስተላለፍ፣ የሚነበበውንም ጽሑፍ መቆጣጠር ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ይበቃል። የሚሞላው ቅጽ ከዜናው ይበዛ ነበር፤ እሱ በየሄድኩበት መሥሪያ ቤት ያው ነው።

አንባቢያችን አቶ አንጁሎ ይባሉ ነበር። ቀድሞ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ አንጁሎ እንላቸዋለን። ከሳቸው የተማርኩትን ያህል ከማንም አለቃ አልተማርኩም። የአማርኛውን ዜና ደጋግመው ያነቡና ወረቀቱን በፊቱ ይደፉታል። ከዚያ ለጎረቤት እንደሚያወሩ ሆነው በወላይትኛ ይናገሩታል፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ስምና ቁጥር እንዳይሳሳት እከታተላለሁ። አንድ ነገር ከመናገራቸው በፊት ያንን ነገር ማን እንዳለው ይናገራሉ። የሚያነቡ ቀን ዳጣ፣ ያን የሚያቃጥል የበርበሬ ድልህ፣ አይቀምሱም። ሾፌራችን ተስፋዬ በምሳ ሰዓት የዳጣውን ሳህን ወደሳቸው እየገፋ ይፈታተናቸዋል።

«ትንሽ ይቅመሱ ጋሼ። ድምፅዎ ይሞቃል።»

«ጉሮሮዬ የመንግሥት ንብረት ነው» ይሉታል። «መኪናህን በርበሬ ታጠጣዋለህ?»

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ከንባብ በኋላ የሚያደርጉት ነው። ማይክሮፎኑን ዘግተው ይወጡና ከግንዱ ሥር ይቆማሉ። ገበያተኛው እየመጣ ይጠይቃቸዋል። የጨው ዋጋ ይቀንሳል ያልከው መቼ ነው? መንገድ ይሠራል ያለው ሹም ራሱ መጥቶ አይቷል? የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁትን አላውቅም፣ ጠይቄ ለሚቀጥለው ገበያ እነግርሃለሁ ይላሉ። ጠያቂ እስኪያልቅ አይቀመጡም። ይህ የሳቸው ፈጠራ አልነበረም። በዚያ አካባቢ ገጠር ወሬ ይዞ ዱቡሻ፣ ማለትም ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ የደረሰ ሰው ተናግሮ ወዲያው አይሄድም፤ አይቀመጥምም። ቆሞ ይጠየቃል። ተጠይቆ ሲያበቃ ነው ውሃ የሚሰጠው። ሳይጠየቅ የሄደ ሰው ግን የተናገረው አንድ ነገር፣ የደበቀው ሌላ ነገር ነው ተብሎ ይታመናል፤ የሚደበቀው ደግሞ ሞት ነው።

በዚያ ዓመት የወባ መከላከያ ሥራ ቆላውን ያዳርስ ጀመር። ሠራተኞቹ መርጫቸውን በጀርባቸው አዝለው እየዞሩ የየቤቱን ግድግዳ ዲዲቲ ይረጩ ነበር። ቤት እንዲከፈትላቸው ሕዝቡ አስቀድሞ መስማት ነበረበት። አዲሱ ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቴፕ ሬኮርደር ይዞ መጥቶ ነበርና፣ የጋሼ አንጁሎን ድምፅ ቀድተን በላንድሮቨር ጣሪያ ላይ በምናስረው ድምፅ ማጉያ በየመንደሩ እናሰማ አለ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ሥራ ይወዳል፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን ስንት መንደር ይደርሳል የሚለው ነገር ያስጨንቀው ነበር።

«እኔም አብሬ ልውረድ» አሉት ጋሼ አንጁሎ።

«ለምን? ድምፅዎ ይወርድ የለም?»

«የሚጠይቅ ሰው ይኖራል።»

«ጠያቂ ካለ ሠራተኞቹ ይመልሳሉ። እርስዎ ደግሞ ታመዋል፤ ይረፉ።»

እውነትም ታመው ነበር። ጉሮሯቸው አብጦ ምራቅ መዋጥ አቅቷቸዋል። በዚያው ሁኔታ ተቀምጠው ቀዱ። እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን አልደፉትም፤ የተጻፈውን እንዳለ አነበቡት። ወረቀቱ ላይ ካሉት አንዱ ዓረፍተ ነገር «ይህ መድኃኒት ከወባ ትንኝ በቀር ምንም ነገር አይጎዳም» የሚል ነበር። በማግስቱ ድምፃቸው ጭራሽ ጠፋ፤ ተስፋዬም ቴፑን ይዞ ወረደ።

ሲመለስ እየሳቀ ነው የነገረን።

«ከዲምቱ በታች አንድ መንደር አለ። ጡሩምባው ተናግሮ ጸጥ ሲል አንድ ሽማግሌ መጣና መኪናው ፊት ቆመ። ጡሩምባውን ቀና ብሎ እያየ ይጠይቀዋል። መልስ ይጠብቃል። ደግሞ ይጠይቃል። እኔን ሲያየኝ እኔ ሾፌር ነኝ አልኩት። ሌላ መንደር ስላለብኝ ሞተር አስነስቼ ሄድኩ።»

ኃላፊው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሼ አንጁሎ አልሳቁም። «ምን ብሎ ነው የጠየቀው?» አሉት በሹክሹክታ።

«ወላይትኛዬ እዚያ አይደርስም ጋሼ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ የዚያ መንደር ጭቃ ሹም የላከው ሰው ሶዶ ገባ። ሁለት የወባ ሠራተኞች መንደሩን ረጭተው ነበር። እንደረጩ የሰው ንብ በየቀፎው ሥር እየረገፈ ሞተ። አቶ ባሳ የሚባል ሰው ልጅም በትኩሳት ወደቀች። መንደሩ ሠራተኞቹን ይዞ አስቀምጧቸዋል፤ ልጅቷ ከሞተች እነሱም አይወጡም ተብሏል። የፖሊስ አዛዡ ይህን ሰምቶ በማግስቱ ሰው ይዞ ሊወርድ ተዘጋጅቷል። መልእክተኛው ይህን ሁሉ ተናግሮ ቢሯችን ውስጥ ቆሞ ቀረ። ኃላፊው ወንበር ቢያሳየውም አልተቀመጠም። ጋሼ አንጁሎ ከአልጋቸው ተነሥተው መጥተው ነበርና ጠየቁት፤ ሠራተኞቹ ተመትተዋል? አልተመቱም። ልጅቷ ትበላለች? ውሃ ብቻ። አባትየው ቁጡ ሰው ነው? አይደለም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው አለ።

«እወርዳለሁ» አሉ ጋሼ አንጁሎ።

«የፖሊስ ጉዳይ ነው» አለ ኃላፊው።

«የነገራቸው ፖሊስ ነው እንዴ? እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

ኃላፊው ላንድሮቨሩን ፈቀደ፤ ፖሊሱንም እስከ ማግስቱ ማታ እንዲታገሥ ለመነልን። እኔ አብሬ የሄድኩት ዜናውን ለመያዝ ነው። ለመሄድ ስነሣ ይህ ብቻ ነበር ምክንያቴ።

በማግስቱ በጠዋት ደረስን። መኪና ከመንደሩ በፊት ባለው ወንዝ ላይ ይቆማል፤ ውሃው ጥቂት ቢሆንም ድንጋዩ አያሳልፍም። በእግር ተሻግረን ስንወጣ ልጆች አልተከተሉንም፤ ውሻ እንኳን አልጮኸብንም። መንደር ሲፈራ እንዲህ እንደሚሆን ያኔ አላውቅም ነበር። ሰዎቹ ዱቡሻው ላይ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ጦሮቻቸውን አጠገባቸው መሬት ላይ ተክለዋል። ሁለቱ ሠራተኞች መካከል ላይ ናቸው፤ አልታሰሩም፤ መርጫዎቻቸው ፊታቸው ተደርድረዋል። አንደኛው እኛን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ሌላኛው «ዝም በል፣ ዝም በል» ይለዋል።

ጋሼ አንጁሎ ሳሮ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ከጉሮሯቸው የወጣው ነፋስ ብቻ ነው።

«ማን ነህ?» አለ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው። አቶ ባሳ እሱ ነበር።

«በጡሩምባው የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሳልጠየቅ ስለሄድኩ መጣሁ።»

ይህን ከፊት ያሉት ብቻ ሰሙት። ወደ ኋላ ተቀባበሉትና ማጉረምረም ተነሣ።

«ያ ድምፅ ያንተ አይደለም» አለ አቶ ባሳ። «ያ ሰው ጤነኛ ነው። አንተ በሽተኛ ነህ።»

«ጡሩምባው ነው የዋጠው» አለ አንዱ ከኋላ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሳቁ አላጽናናኝም። የሚስቁት ሰዎች እጃቸው ከጦሩ አልራቀም ነበር።

ጋሼ አንጁሎ ወደኔ ዞሩ። «እኔ የምለውን ድገምላቸው። አንዲት ቃል አትጨምር፣ አትቀንስ።»

ቆሜ መድገም ጀመርኩ። አነጋገሬን ሲሰሙ ሴቶቹ አፋቸውን ሸፈኑ፤ አንድ ሽማግሌ «ይሄኛው ደግሞ እንደ ሕፃን ያወራል» አለ። ሁለት እግሬን አራርቄ ቆምኩ። ጥያቄው ብዙ ነበር። መድኃኒቱን ማን ሠራው? ቤታችንን የምትረጩት ሰው ቆጥራችሁ ግብር ልትጨምሩ ነው? ግድግዳውን የላሰ ጥጃ ምን ይሆናል? ሳቸው ይሾከሹካሉ፣ እኔ እጮኻለሁ። በየመካከሉ «አላውቅም» ነበረበት፤ እሱንም እጮኸዋለሁ። ከዚያ አቶ ባሳ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ የደረቁ ንቦች ነበሩ።

«ከትንኝ በቀር ምንም አይጎዳም ብለሃል። እነዚህ ትንኞች ናቸው?»

ጋሼ አንጁሎ ጎንበስ አሉ። ንቦቹን አዩ። እኔ በልቤ የመልስ ዓይነት እየፈለግሁላቸው ነበር፤ ንብ በብርድ ይሞታል፣ በረሃብ ይሞታል።

«መድኃኒቱ ነው የገደላቸው» አሉ። «እህቴ ቆላ ነው ያለችው። ቤቷ ሲረጭ የሷም ንቦች ሞተዋል። አውቅ ነበር።»

እኔ አልደገምኩትም። የመንግሥት ጣቢያ ያለውን ነገር፣ በመንግሥት ጣቢያ ሠራተኛ አፍ፣ ጦር በያዙ ሰዎች ፊት ማፍረስ ነው። ሁለቱ የወባ ሠራተኞች ወላይትኛ ስለሚሰሙ ከቅርብ ሆነው ሰምተዋል፤ ሲያለቅስ የነበረው ማልቀሱን አቁሞ አፉን ከፍቶ ያየናል።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። ሰዎቹ ተነሥተው ሠራተኞቹ ላይ ሲወርዱ ታየኝ፤ በየትኛው በኩል እንደምሮጥም አሰብኩ። ወንዙ ከኋላዬ ነበር።

«ታዲያ ለምን አላልክም?» አለ አቶ ባሳ። ድምፁ ከፍ አላለም።

«ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አሞኝ ስለነበር ቶሎ ልጨርስ ብዬ የተጻፈውን ብቻ አነበብኩ። እዚህ መጥቼ ብጠየቅ እነግራችሁ ነበር። ድምፄን ልኬ እኔ ቀረሁ። ጥፋቱ ይኸ ነው።»

«ልጄስ? ልጄንም መድኃኒቱ ነው?»

«ልጅህን አላየኋትም። አሳየኝ።»

ሦስታችን ወደ ቤቱ ገባን። ግድግዳው ላይ የመድኃኒቱ ነጭ ዱቄት ይታያል። አስቴር የምትባለው ልጅ እናቷ ጉልበት ላይ ተኝታለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ወዲያው ደግሞ ልብሷን ትገፋለች። ጋሼ አንጁሎ ግንባሯን ነክተው ትኩሳቱ መቼ እንደጀመራት እናትየዋን ጠየቁ። ቤቱ ከመረጨቱ በፊት ራሴን አመመኝ ብላ ነበር አለች እናት።

«ወባ ይመስለኛል» አሉ። «ሐኪም ስላልሆንኩ በርግጥ አላውቅም። ሶዶ ክሊኒክ ትድረስ። መኪናው ወንዙ ጋ ነው።»

«ወስዳችኋት ብትሞትስ?»

«እኔ እዚህ እቆያለሁ። እነዚያም ሁለቱ ይቆያሉ። ይኼ ልጅ» አሉ እኔን እያሳዩ፣ «አድርሷት ወሬውን ይዞ ይመለሳል። ቆሞ ይጠየቃል።»

አቶ ባሳ ፊቴን አየኝ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ» አለ።

አባቷ በጀርባው ተሸክሞ ወንዙን አሻገራት። እናቷ ከኋላ ወንበር ይዛት ተቀመጠች። ተስፋዬ እንደዚያን ቀን ቀልድ ሳይናገር ሲነዳ አይቼው አላውቅም። መንገዱ በየቦታው ተቦርቡሯል፤ መኪናው በተናወጠ ቁጥር ዞር ብዬ የልጅቷን ደረት አያለሁ። ቦዲቲ ስንደርስ ዓይኗ ወደ ላይ ዞሮ ነጩ ብቻ ታየ። እናቷ ስሟን ጠራቻት፤ አልመለሰችም። ደጋግማ ጠራቻት። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ያየሁትን መያዝ ሥራዬ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ዞር ብዬ ማየቱን ፈራሁና መንገዱን ብቻ ተመለከትኩ። እዚያ ዋርካ ሥር የቆሙትን ሰው አሰብኩ። ልጅቷ እዚህ ወንበር ላይ ብትሞት ለዚያ መንደር የምነግረው እኔ ነኝ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ትተነፍስ ነበር። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ የጤና ረዳት፣ ደም ከጣቷ ወስዶ አየ። ወባ ነው፣ ከብዷል አለ፤ በመርፌም ወጋት። ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች ቦታ ለቀቁላት። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች፤ ውሃ በማንኪያ ሲሰጣት ዋጠች።

«ትድናለች?» አልኩት።

«ዛሬ ምንም አልልህም። ይህን ያህል ዘግይታ በመጣች ልጅ ላይ አይወራረዱም።»

እናቷ እዚያው ቀረች። ለባሌ ምን ትለዋለህ አለችኝ። ያየሁትን አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ደስ ያላት ግን አልመሰለኝም።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ተስፋዬ አፉን ከፈተ።

«ድናለች በላቸው።»

«አላውቅም እኮ።»

«ማን ሊያጣራ ነው? ድናለች ብትል ሦስቱንም ይለቋቸዋል። ጭነናቸው እንሄዳለን። ነገ ብትሞትም እኛ ሶዶ ነን።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ይወርዳል።»

«እሱ ለነገ ነው። ጋሼ አንጁሎ ግን ዛሬ ነው እዚያ ያሉት። የማይረባ ጨዋነትህ እሳቸውን ያስገድላል፣ ስማኝ።»

ልክ ሊሆን ይችል ነበር። ወንዙ ዳር ሲያወርደኝ እጄን ይዞ «በናትህ» አለኝ። ፀሐይዋ ገና ከኮረብታው በላይ ነበረች። ውሃውን ስሻገር «ድናለች» የምትለውን ቃል በወላይትኛ አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም።

ጋሼ አንጁሎ ከተውኳቸው ቦታ አልተንቀሳቀሱም፤ ቆመው ነበር። ሰዎቹ ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። የሚያስተጋባልኝ ሰው ስለሌለ በራሴ ድምፅ ተናገርኩ።

«ወባ ነው ብሏል ክሊኒክ ያለው ሰው። ደሟን አይቶ ነው ያለው። መርፌ ተወግታለች። እኔ ስወጣ ትተነፍስ ነበር። ውሃ ዋጠች። እናቷ አጠገቧ ነች።»

«ትድናለች?» አለ አቶ ባሳ።

«አላውቅም።»

«ያ ሰውስ ምን አለ?»

«ዛሬ ምንም አልልህም አለኝ።»

«መንገድ ላይ እንዴት ነበረች?»

«ቦዲቲ ላይ ዓይኗ ተገለበጠ። እናቷ ስትጠራት አልመለሰችም። ከዚያ ክሊኒክ እስክንደርስ አላየኋትም፤ ፈርቼ ፊቴን አዞርኩ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት ወይኔ አለች። ጋሼ አንጁሎ ወደ መሬት ይመለከቱ ነበር። ሌሎችም ጠየቁ፤ ልጅቷ የት እንደተኛች፣ እናቷ ምን እንደምትበላ፣ መርፌው በየትኛው ክንዷ ላይ እንደሆነ። የማውቀውን መለስኩ። ጥያቄው ሲያልቅ አቶ ባሳ ራሱ በቅል ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ። በጥድፊያ ስጠጣ ግማሹን ደረቴ ላይ አፈሰስኩት።

«ጡሩምባው አላውቅም የሚል ቃል አልነበረውም» አለ። ወደ ሠራተኞቹ ዞሮም «ዕቃችሁን አንሡ» አላቸው።

ሁለቱ ሰዎች መርጫቸውን እንዳዘሉ ወደ ወንዙ ሮጡ። ጋሼ አንጁሎም እንዲሄዱ ተነገራቸው።

«ልጅቷ እስክትታወቅ እቆያለሁ» አሉ። «ወሬው ገና አላለቀም።»

እኔም ቀረሁ። በጀግንነት አልነበረም፤ ሳቸውን ትቼ ከመኪና ወርጄ ኃላፊው ፊት የምቆምበትን ሰዓት ስለፈራሁ ነው። ተስፋዬ ሠራተኞቹን አድርሶ፣ መለቀቃቸውን ለፖሊሱ ነግሮ፣ እናትየዋን፣ ከነልጇም ይሁን ብቻዋን፣ ይዞ እንዲመለስ ተስማማን።

ቀሪውን ታሪክ እዚህ ላይ ልንገር፤ ኋላ ቦታ አይኖረውም። ጋሼ አንጁሎ በዱቡሻው ላይ የተናገሩት ሶዶ ሲሰማ ከማይክሮፎኑ ተነሡ፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ኃላፊው ይህን ሲነግራቸው ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነበር። እኔ ስለዚያ መንደር ያስተላለፍኩት ዜና በቆላው የወባ ርጭት መቀጠሉን ብቻ የሚገልጽ ሆኖ ወጣ። ስለ ንቦቹ የጻፍኩት አልተላለፈም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የማላውቀውን አላውቅም ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሁለት ኃላፊዎች በዚህ ምክንያት ሰነፍ ብለውኛል።

በመንደሩ ያሳለፍናቸው ቀናት ረጃጅም ነበሩ። የተሰጠን ማደሪያ የአቶ ባሳ ቤት ነው፤ ነጭ ዱቄት ያለበት ግድግዳ ሥር እንተኛለን። ቀን የተቀቀለ ቦዬ፣ የአገሩን ሥራ ሥር፣ ያቀርቡልናል፤ በደግነት ነው፤ ግን ማንም አብሮን አይበላም። አቶ ባሳ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ጫፍ ሄዶ ይቆማል፤ ይመለሳል፤ አያናግረንም። ጦሩን አጥር ላይ አስደግፎታል። እኔ በበሩ በወጣሁና በገባሁ ቁጥር ያንን ጦር አያለሁ። አንድ ጊዜ ጋሼ አንጁሎን ጠየቅኋቸው።

«ብትሞት ምን ያደርጉናል?»

«አላውቅም» አሉኝ። ድምፃቸው ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ ነበር። «ምናልባት ምንም። እሱ ነው የከፋው። ምንም ካላደረጉን በሚቀጥለው ጊዜ ምን ልንላቸው ነው?»

የላንድሮቨሩ ድምፅ የተሰማው ከብቶች ከውሃ ሲመለሱ ነው። መንደሩ ሁሉ ወደ ወንዙ ጫፍ ወጣ፤ እኛም ተከተልን። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለነበረች ወዲያ ማዶ የሚታየው አቧራና ጥላ ብቻ ነው። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። አንዲት ሴት ወረደች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጠቅልሏል። ከነጠላው ሥር ልጅ ይኑር አይኑር ከዚያ ርቀት አይለይም። ተስፋዬ ከመኪናው አልወረደም።

በዚያ አገር ሞት ይዞ የሚመጣ ሰው ዝም ብሎ አይመጣም። መንደሩ ሲታየው፣ ገና ከሩቅ፣ ይጮኻል፤ ሰውም ያንን ጩኸት ተቀብሎ ይወጣል። ሁሉም ያንን ይጠብቅ ነበር። አጠገቤ የቆመች ሴት ለለቅሶ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወገቧ ላይ አጥብቃለች። አቶ ባሳ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል፤ ጣቶቹ የራሱን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። ጋሼ አንጁሎ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ሴትዮዋ ቁልቁለቱን ወረደች። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ የከበደ ነገር እንደያዘ ሰው፣ ወይም እንደደከመው ሰው። ውሃው ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። የውሃው ድምፅ ይሰማኛል፤ የራሴ ትንፋሽ ይሰማኛል።

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወንዙ ውስጥ ገባች። እስከ መካከሉ ደረሰች። ሁላችንም እያዳመጥን ነበር። አልጮኸችም።